«እኔም ቤቴ የምጋግረው በዚሁ ነው»፦ የቱሉ ዲምቱ 11 ምጣዶችና ያልተነገረው ስጦታ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች በቴሌቪዥን የሽያጭ ፕሮግራም ያዩትን የኤሌክትሪክ ምጣድ በኅብረት አዘዙ። ምጣዶቹ 11 ናቸው። ስለ ዋጋውም ስለ ቁጠባውም ብዙ ተወርቶ ነበር፤ ነገሩን የቆረጠው ግን አቅራቢዋ አክንባሎውን ገልጣ እንጀራውን በሰፌድ እያወጣች የተናገረችው ነው፦ «እኔም ቤቴ የምጋግረው በዚሁ ነው።»

አባባሏ ሐሰት የለበትም። ምጣዱ በእርግጥ ቤቷ ነበረ፤ እንጀራም ይጋገርበት ነበር። (ጋጋሪዋ የቤት ሠራተኛዋ መሆኗን ለጊዜው እንተወው።) ያልተነገረው ምጣዱን አምራቹ በነጻ የሰጣት መሆኑ ነው። ያልተነገረው ነገር ከስቱዲዮ ተነስቶ የብሎኩ ሴቶች እንጀራ እስከሚጋግሩበት ኮሚናል ድረስ ያደረሰውን ጉዳት ደረጃ በደረጃ እናያለን። አቅራቢዋን፣ ጣቢያውንና አምራቹን በስም አንጠቅስም።

ምጣዱና ሶኬቱ

ምጣዱ የተሸጠው «የመብራት ወጪን በግማሽ ይቀንሳል» ተብሎ ነው። ንጽጽሩ የተሠራው በዋት ነው። በየቤቱ የተለመደው ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ሲፈልግ አዲሱ በ1,800 ዋት ይሠራል። ዋቱ በግማሽ ገደማ መቀነሱ ልክ ነው። ቆጣሪ የሚቆጥረው ግን ዋቱን በሰዓቱ አባዝቶ ነው። አንድ እንጀራ እስኪበስል፣ ከሊጡ ውስጥ ያለው ውሃም በእንፋሎት እስኪወጣ የሚፈልገው ሙቀት በየትኛውም ምጣድ ያው ነው፤ ዋቱ ያነሰ ምጣድ የቀረውን በጊዜ ይከፍላል። እውነተኛው ቁጠባ የሚገኘው ከሸክላው ሥር ያለው መከላከያ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይሸሽ ሲይዝ፣ ሸክላው ሳሳ ብሎ ቶሎ ሲግል፣ አክንባሎውም ክፍተት ሳይተው ሲገጥም ነው። አዲሱ ምጣድ በዚህ ሁሉ ከድሮው ይሻላል። እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «ዕቃው መናኛ ነበር» ብሎ መዝጋት ስለሚቀል ነው ይህን አስቀድመን የምንናገረው፤ መናኛ አልነበረም።

ጣጣው ከሶኬቱ ነው። የቤት መስመር 220 ቮልት ይባላል እንጂ ከተማው ዳር፣ አንድ ትራንስፎርመር ብዙ ቤት በተሸከመበት ሰፈር፣ ሁሉም እራት በሚሠራበት ሰዓት ይወርዳል። በዚህ ብሎክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በቴስተር ሲለካ 180 ቮልት ተገኘ። የሪዚስታንስ (ምጣዱን የሚያግለው ሽቦ) ጉልበት ደግሞ የሚወርደው ከቮልቴጁ በባሰ ፍጥነት ነው። 180ን ለ220 አካፍሎ የተገኘውን በራሱ ማባዛት ነው፤ 0.67 ይመጣል። ስለዚህ 1,800 ዋት የተባለው ምጣድ በዚያ ሰዓት የሚሰጠው 1,200 ዋት ገደማ ነው። የድሮው 3,500 በዚያው ሶኬት ላይ 2,340 ዋት አካባቢ ይቀርለታል፤ በዚያ እንጀራ ይወጣል። በድሮው ምጣድ ላይ እንደ ብክነት የታየው ትርፍ ጉልበት ለደካማ መስመር መጠባበቂያ ሆኖ ኖሯል።

በተግባር የሚታየው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ደህና ይወጣሉ። ከዚያ የፈሰሰው ሊጥ ሸክላውን ያቀዘቅዘዋል፤ ምጣዱ ተመልሶ እስኪግል 4 እና 5 ደቂቃ መጠበቅ ይፈልጋል። ሳትጠብቅ ያፈሰሰች ሴት እንጀራዋ ዓይን አያወጣም፣ ጠርዙ አይነሳም፣ በሰፌድ ልታወጣው ስትል መሐሉ ይቀደዳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማሟሸት ነው። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ሊጥ ከነካው ይይዛል። ምጣዱ ይጋላል፤ የተፈጨ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ በማሰሻ ክብ በክብ ይታሻል፤ ሲጠቁር ይጠረጋል፤ እንደገና ይነሰነሳል። ሸክላው ቅባቱን ጠጥቶ ፊቱ እስኪለሰልስ ይህ ይደጋገማል፤ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎችም የሚበሉ አይሆኑም። ከምጣዱ ጋር የመጣችው የመመሪያ ወረቀት ስለ ማሟሸት አንድ መስመር የላትም።

ስጦታው ምን ነበር

አምራቹ ለጣቢያው 3 ምጣዶች «ለናሙና» ላከ። አንዱ ለስቱዲዮ፣ አንዱ ለመለዋወጫ፣ ሦስተኛው አቅራቢዋ ቤት ገባ። ጉቦ ያለው የለም፤ ያሰበውም የለም። በሽያጭ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ተራ ነገር ነው።

ነገር ግን የእሷ ምጣድ ገዢው ከሚደርሰው ምጣድ ጋር አንድ ሞዴል ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ አልነበረም። ሸክላው ስንጥቅና እብጠት የሌለበት ተመርጦ ነው። መጋዘን ውስጥ ሦስት ቀን ተሟሽቶ፣ ፊቱ እንደ መስታወት ሆኖ ነው የደረሳት። ኤሌክትሪሽያን አብሮ መጥቶ ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ገመድ ስቦለታል፤ ቤቷም መሐል ከተማ ስለሆነ ቮልቴጁ ብዙ አይወርድም። በሦስተኛው ሳምንት ሪዚስታንሱ ሲበጠስ ስልክ ደወለች፤ በዚያው ቀን አዲስ መጣላት። ለተራ ገዢ ሪዚስታንስ ሲበጠስ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ የሰፈር ጠጋኝ የተበጠሰውን ጫፍ ለጫፍ ይጠመዝዘዋል፤ ሽቦው ስላጠረ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ጥምዙ ያለበት ቦታ ይግላል፤ ከጥቂት ወር በኋላ እዚያው ይበጠሳል። አቅራቢዋ ስለ ምጣዱ የምታውቀው እውነት በገበያ የማይሸጥ እውነት ነበር። ሳትዋሽ ማሳሳቷም ከዚህ ነው።

ሌላው ይሉኝታ ነው። በነጻ የተቀበለችውን ዕቃ በአየር ላይ «ይህ ጎኑ ደከም ይላል» ማለት በእኛ ዘንድ የበሉበትን ወጪት መስበር ነው። ማንም አላስፈራራትም፤ ማንም ጽሑፏን አላረመም። እሷው ራሷ ምሽት ላይ ምጣዱ ዘገየት እንደሚል ከሠራተኛዋ ሰምታ ነበር፤ አየር ላይ ስትወጣ ግን ያ ወሬ ከአፏ አልወጣም። ጉቦ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ተቀባዩ ያውቀው ነበር።

«ሊጤ ነው»

ገዢዎቹ ምጣዱ እምቢ ሲላቸው መጀመሪያ የጠረጠሩት ራሳቸውን ነው። አንዷ እርሾዬ ደክሟል አለች፤ ሌላዋ አብሲት ሳልጥል ነው አለች፤ አንዷ ዱቄቱን ከወፍጮ ቤቱ ጋር ተጣላችበት። ለምን ቢባል በቴሌቪዥን ያለችው ሴት ቤቷ በዚሁ ትጋግራለች፤ ያውም ያምራል። ስለዚህ ስህተቱ ከእጅ ነው ማለት ነው። ያልተነገረው ስጦታ ትልቁን ጉዳት ያደረሰው እዚህ ላይ ነው፤ ገዢዋ ብልሽቱን የምትፈልግበትን ቦታ አሳታት።

ይህ ደግሞ ቀን በላ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። 15 ቀን ብዙ ይመስላል። ምጣዱ ከተከፈለበት ቀን ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ 6 ቀን ፈጀ። ማሟሸቱ 2 ቀን። ሊጡ ተቦክቶ እስኪኮመጥጥ 3 ቀን። አብዛኛው ቤት በሳምንት ሁለቴ ነው የሚጋግረው፤ የመጀመሪያው ቢበላሽ ሁለተኛውን «እስቲ ልሞክር» ይባላል። በዚህ መሐል 13ኛው ቀን ደረሰ። በዚያ ላይ ዕቃውን ያመጣው የሞተር ልጅ ደረሰኝ አልሰጠም፤ በእጃቸው ያለው የቴሌብር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው። የገንዘብ ተቀባዩ ስምም የድርጅቱ ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ነው። በስልክ ለሚያዝ ሰው ይህን እንመክራለን፦ ደረሰኙ ሳይታይ ገንዘቡ አይላክ፤ ዕቃው በደረሰ ዕለት ሳጥኑ ሲከፈት ፎቶ ይነሳ፤ ሙከራው በመጀመሪያው ሳምንት ይጠናቀቅ።

ሁለት ሰዎች ከመሐላቸው ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ አንዷ የማቀዝቀዣዋን ስታቢላይዘር ላይ ሰካችው። ለማቀዝቀዣ የሚሸጠው 1,000 ቪኤ (ለምጣድ 1,000 ዋት ማለት) ነው፤ ይህ ምጣድ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይፈልጋል። ስታቢላይዘሩ ጨሰ፣ ሶኬቱ ቀለጠ። ሌላዋ በቀጭን ማራዘሚያ ከሳሎን ሳበች፤ ምጣዱ 8 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ገመዱ ስለጋለ ነቀለችው። ለምጣድ ማራዘሚያ ጨርሶ ባይኖር ይመረጣል፤ ግድ ከሆነ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ሳይጠቀለል ተዘርግቶ።

ስልኩ

ነገሩ የወጣው በምርመራ አይደለም። በቀጥታ ስርጭት ላይ አንዲት ደዋይ ሌላ ነገር ሳትጠይቅ «እህቴ፣ አንቺ ስንት ገዛሽው?» አለቻት። አቅራቢዋ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «የእኔን... ድርጅቱ ነው የሰጠኝ። ግን በጣም ጥሩ ነው» አለች። ብሎኩ ውስጥ በዚያ ሰዓት ቡና ተፈልቶ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት እንጀራዋ የተቀደደባት ሴት ስኒዋን አስቀምጣ «እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ እርሾ ያወራ የለም።

ይሁንና አሁን ደግሞ ስህተቱ ወደ ሌላው ጎን ዞረ። ምጣዷን በቅጡ ያላሟሸችውም፣ ሊጧ በእርግጥ የቀጠነባትም፣ ሁሉም «ያታለለችን ምጣድ» አሉት። አንዷ ጋ ችግሩ ማሟሸት ብቻ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ ሁለት ዙር ጎመን ዘር በቂ ሆነ። እሷ ግን ለሁለት ሳምንት ምጣዱን አልጋ ሥር ከታው ነበር። ስጦታው ሲደበቅ ምጣዱ ከሚገባው በላይ ታመነ፤ ሲወጣ ከሚገባው በታች ተጣለ። በሁለቱም ጊዜ ስለ ምጣዱ ራሱ የተጠየቀ ነገር የለም።

አስረኛውን ገዝቶ አስራ አንደኛውን በነጻ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለተኛ ስጦታ አለ፤ እኛ ከሁሉ አስተማሪ ያገኘነው እሱን ነው። ሽያጩ «10 ላሰባሰበ 1 በነጻ» የሚል ማበረታቻ ነበረው። የብሎኩ የዕቃ እቁብ ሰብሳቢ 10 ሰው አሰባሰበች፤ 11ኛው ምጣድ ለእሷ በነጻ ሊሆን ነው። የአንዱ ዋጋ 11,000 ብር ነበር። ሰብሳቢዋ ገና ከማዘዛቸው በፊት ቡና ላይ ተናገረች፦ «ለእኔ አንድ በነጻ ይሰጡኛል፤ እኔ ብቻዬን አልወስደውም።» 110,000 ብሩ ለ11 ተካፈለ፤ እሷም እንደ ሌሎቹ 10,000 ብር ከፈለች።

ምጣዱ እምቢ ሲል «አንቺ ነሽ ያስገዛሽን» ያላት የለም። ቅሬታ ሲጠራቀም ስልኩን የያዘችው፣ ወደ ጣቢያው የደወለችው፣ ቴስተር ያለው ልጅ የጠራችው እሷ ናት፤ እነሱም አመኗት። አንድ አምራች፣ አንድ ዓይነት ምጣድ፣ ሁለት ስጦታ። ሰብሳቢዋ የከፈለችው ገንዘብም ቆጣሪዋም ከጎረቤቶቿ ጋር አንድ ሆነ፤ ሲበላሽ ለእሷም ይበላሻል። ብትደብቀው ኖሮ እዳው ከአቅራቢዋ ይከብድባት ነበር፤ አቅራቢዋን ሰርጥ ቀይረው ይረሷታል፣ ጎረቤት ግን ደረጃው ላይ በየቀኑ ይገናኛል።

ሕጉና ልማዱ

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን፣ ከመደበኛ ፕሮግራምም ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያው በሻጩና በመስካሪው መካከል ያለ ግንኙነት፣ በነጻ የተሰጠ ዕቃን ጨምሮ፣ ተመልካቹ የማይጠብቀው ሆኖ ለምስክርነቱ የሚሰጠውን ክብደት የሚቀይር ከሆነ በግልጽ እንዲነገር ይላል። ነጥቡ «የማይጠብቀው» የሚለው ላይ ነው። ጣቢያው ውስጥ «አቅራቢ ተከፍሏት እንደምትሸጥ ማን አያውቅም?» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ልክ ነው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ስትቆም ደመወዝተኛ መሆኗን ሁሉም ያውቃል። «ቤቴ» ስትል ግን ከስቱዲዮው ወጥታ ከገዢዎቹ ተርታ ትሰለፋለች። ተመልካቹ የማይጠብቀው እዚያ ላይ ነው። መቼስ የቴሌቪዥን ግብይት ዘሩም በገንዘብ ፈንታ ከተሰጠ ዕቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በፍሎሪዳ ክሊርዋተር አንድ ማስታወቂያ አስነጋሪ ለሬዲዮ ጣቢያ ያለበትን ዕዳ መክፈል አቅቶት 112 የኤሌክትሪክ ጣሳ መክፈቻ ሰጥቶ፣ ጣቢያው በአየር ላይ ሸጣቸው።

የተለወጠው

ጣቢያው መጀመሪያ ያደረገው የማይረባ ነገር ነበር። «ምርቱ ለናሙና የቀረበ ነው» የሚል ጽሑፍ ከስክሪኑ ግርጌ አስሮጠ። ግርጌው ላይ የማዘዣ ስልኩ አስቀድሞ ይሮጣል፤ ሁለቱ ተደራረቡ። 32 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ፣ ከሶፋ ርቀት፣ ማንም አላነበበውም። ቃሉም ራሱ ችግር አለበት፦ «ናሙና» የሚለውን ነጋዴ ይረዳዋል፤ ጋጋሪዋ ግን «በነጻ ሰጡኝ» ካልተባለች አትሰማም።

የሠራው በአፍ የሚባለው ነው። አቅራቢዋ ዋጋው ከመጠራቱ በፊት «ይህን ምጣድ አምራቹ በነጻ ነው የሰጠኝ፤ ተሟሽቶ ነው የመጣልኝ» ትላለች። ተመልካች መሐል ላይ ስለሚገባ ከየእረፍቱ በኋላ ይደገማል። ሁለተኛዋ ሐረግ ከመጀመሪያዋ አትተናነስም፤ ገዢዋ የሚደርሳት ጥሬ ሸክላ መሆኑን ከዚያ ታውቃለች። ማሟሸቱም በስርጭት ላይ ከጥሬው ጀምሮ ይታያል።

«በግማሽ» የሚለው ቀረ። በምትኩ ጣቢያው ከመጋዘን ሳይመረጥ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በስልክ አዞ አንድ ምጣድ ገዛና ብሎኩ ኮሚናል ውስጥ በካርድ ቆጣሪ አስለካ። 25 እንጀራ፣ ምሽት፣ 180 ቮልት፦ የድሮው ምጣድ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ፈጅቶ 2.9 ኪሎዋት ሰዓት በላ፤ አዲሱ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጅቶ 2.5። ንጋት 11 ሰዓት ላይ 215 ቮልት ሲሆን አዲሱ 25ቱን በ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ጨረሰ፤ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት። ቁጠባው 15 በመቶ አካባቢ ነው፤ ምሽት ላይ ደግሞ 50 ደቂቃ ያስከፍላል። አሁን አቅራቢዋ የምትለው ይህንኑ ነው፤ «ሰፈራችሁ ማታ መብራት የሚደክም ከሆነ ጠዋት ጋግሩ፣ ካልሆነላችሁ ይህ ምጣድ ለእናንተ አይደለም» ብላ ትጨምራለች። አምራቹ ይህችን የመጨረሻዋን አልወደዳትም።

ከናሙና ዕቃ ጋር በተያያዘ አንዳንዱ «ስጦታ ጨርሶ ይከልከል» ይላል። አንስማማም። ያልነካችውን ዕቃ ከወረቀት የምታነብ አቅራቢ የባሰች ናት። ለምጣድ ዓይነት፣ ጠባዩ በሳምንታት ለሚገለጥ ዕቃ፣ የሚሻለው ውሰት ነው፦ 21 ቀን፣ በመዝገብ፣ የሴሪያል ቁጥሩ፣ የገባበትና የሚመለስበት ቀን ተጽፎ። መመለሱ የታወቀ ዕቃ ላይ ምላስ ትንሽ ይፈታል። ይሉኝታው ፈጽሞ አይጠፋም፤ ይቀንሳል።

ትዕዛዙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀነሰ። የሚመለሰው ዕቃም ቀነሰ።

ከ11ዱ ምጣዶች 3ቱ በ15 ቀን ውስጥ ተመልሰው ገንዘባቸው ተከፈለ። 2ቱ ቀኑ አልፎባቸው ጣቢያው ገንዘብ ከመመለስ ይልቅ ለወጠላቸው። ስታቢላይዘር ላይ የተሰካው ተቃጥሎ ቀረ። አንዱ መብራት ወደማይደክምበት ሰፈር ለዘመድ ተሸጠ። 4ቱ ኮሚናል ውስጥ ይሠራሉ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወረፋ ይያዝላቸዋል፣ ሰብሳቢዋ የምትጋግረውም በአንዱ ነው። የአቅራቢዋ ምጣድ ወደ ጣቢያው መጋዘን ተመልሷል፤ መዝገቡ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ የተጻፈው እሱ ነው።